ሦስት ምርጫ የቀረበለት ሰፈር

በሰፈራችን የመልሶ ማልማት ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት እጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረም። ዕድሜዬን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ስብሰባው ላይ አንድ ጎረቤቴ ተነሥቶ «መምህር ይጻፉልን» አለ፤ ሌሎቹ እጃቸውን አወጡ፤ አለቀ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ መግባቴን ሳስብ አሁንም ያሳፍረኛል። ሰው ለካ ምንም ለማይወስንበት ወንበር ሲመረጥም ደረቱን ይነፋል።

ሰፈራችን ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከደሴው አስፋልት ጀርባ የተሰለፉ ዐሥራ አንድ ግቢዎች ነበሩ። ጭቃ ቤት፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ክረምት ሲገባ ጫማ የሚያስወልቅ መንገድ። ላሞግሰው አልፈልግም። ስለ ድሮ ሰፈር በየመድረኩ እየተነሡ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርር ሰዎች አውቃለሁ፤ አብዛኞቹ በሐምሌ ዝናብ ጃንጥላ ይዘው ከግቢ ጥግ የሽንት ቤት ወረፋ ጠብቀው አያውቁም። እኔ ጠብቄአለሁ። ሰፈሩ መለወጥ ነበረበት። የምንቀው ለውጡን አይደለም። የምንቀው «ምርጫው የእናንተው ነው» እያሉ ወረቀት ያደሉንን ሰዎች፣ ወረቀቱንም በሚያምር እጅ ጽሑፍ የሞላሁትን እኔን ነው።

ከእነዋሪ ተቀይሬ የመጣሁት ገና ወጣት ሳለሁ ነው። እዚሁ አገባሁ፤ ባለቤቴ ነርስ ናት። ሁለት የመንግሥት ደመወዝ የሚገባበት ቤት በእኛ ረድፍ ውስጥ የኛ ብቻ ነበር። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም፤ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ስለሚነሣ ነው።

በአጥር የምንዋሰናት ጎረቤቴ አረቄ አውጪ ናት። የአንኮበር ሰው ናት፤ በሙሽርነት መጥታ በዚያው ግቢ ወልዳ፣ ባሏን ቀብራ፣ ልጆቿን ድራ ቀረች። ከሁላችንም በዕድሜ ትበልጣለች፤ እኔም እትዬ እያልኩ እጠራታለሁ። ከዋናው ቤት ጀርባ ባለ ጭስ የጠገበ ማድቤት ውስጥ ድፍድፏን ትደፈድፋለች፣ እንጨቷን ታነዳለች፣ አረቄዋን ታወጣለች። ደንበኞቿ ከደብረ ሲና ቁልቁለት የሚመጡ የጭነት መኪና ረዳቶችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። አስፋልቱ ዳር መኪናቸውን ያቆሙና በጓሮ በር ይገባሉ። የዚያች ሴት ኑሮ በሦስት ነገር ቆሞ ነበር፤ በእሳቱ፣ በጓሮ በሩና በአስፋልቱ ቅርበት።

በሰርቪስ ክፍሏ ደግሞ ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅሎ የመጣ አንድ ገበሬ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተከራይቶ ይኖር ነበር። መጀመሪያ ከከተማው ዳር ባለው መጠለያ ነበሩ። ሰውዬው ድንጋይ ጠረባ ሥራ ሲያገኝ ከመጠለያው ወጥቶ እሷ ግቢ ገባ። ዝምተኛ ሰው ነው። ሲናገርም ሰምተህ እስክትጨርስ አይቸኩልም።

ባለሙያው የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የተላከ ወጣት ነበር፤ ሁላችንም ኢንጂነሩ እንለዋለን። ታብሌት ይዟል፣ ለደብረ ብርሃን ብርድ የማይሆን ስስ ጃኬት ለብሷል። በየቤቱ አብሬው እንድዞር ተመደብኩ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ሳጥን አለ። አንደኛው፣ በይዞታችሁ ላይ ደረጃውን የጠበቀ ፎቅ በራሳችሁ አቅም ትሠራላችሁ። ሁለተኛው፣ ከጎረቤት ጋር ተደራጅታችሁ በጋራ ትሠራላችሁ። ሦስተኛው፣ ለቤቱ ካሳ፣ ለቦታው ከከተማው ዳር ምትክ ተቀብላችሁ ትነሣላችሁ። ከዐሥራ አንዱ ግቢ አንደኛውን ማሰብ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጥግ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ነጋዴ። እንግዲህ ለዐሥራችን ያ ሳጥን ጌጥ ነበር ማለት ነው። ኢንጂነሩ ግን በየቤቱ ሦስቱንም ድምፁን ሳይቀንስ ያነብ ነበር።

እትዬ ቤት ስንገባ እሳት ላይ ነበረች። ጣቱን ታብሌቱ ላይ አድርጎ፣ አሁን ባሉበት ቤት ያለዎት እርካታ ከአንድ እስከ አምስት ስንት ነው ብሎ ጠየቃት። እሷ እኔን አየችኝ። ጥያቄውን በቀላሉ አስረዳኋት። ጣራው ያፈሳል፣ ሰፈሩ ይመቸኛል አለች። እሱ ሦስት ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሦስቱን ምርጫዎች አነበበላት።

«ፎቁ ላይ እሳት ማንደድ ይቻላል?» አለችው።

አይቻልም አላት። ዳር ባለው ምትክ ቦታ መኪና ያልፍ እንደሆነ ጠየቀች። ወደፊት መንገድ ይወጣለታል አላት። ወደፊት ማለት መቼ እንደሆነ ጠየቀች። እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው አለ።

«እንግዲያ የቱን ምረጪ ነው የምትለኝ፣ ልጄ? በአንዱም ውስጥ እኔ የለሁበትም።»

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። ክፉ ፈገግታ አልነበረም፤ ሕፃን ያልሆነ ነገር ሲናገር ትልቅ ሰው የሚያሳየው ዓይነት ነበር። ውጭ ስንወጣ የአስተያየት ቦታው ላይ «ነዋሪዋ ውሳኔ ለመስጠት የግንዛቤ እጥረት ይታይባቸዋል» ብሎ ጽፎ፣ አማርኛውን እንዳርምለት ሰጠኝ። አነበብኩት። በሕይወቴ ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ የተሟላውን መልስ ገና አሁን ከአፏ ሰምቼ፣ የሰዋስው ስሕተት ፈለግሁ። አንድ ነጥብ አስተካክዬ መለስኩለት።

ስለ ተከራዩ ቤተሰብ ጠይቄዋለሁ። ቅጹ ለባለይዞታ ነው አለኝ። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ገብቶ በሩን ዘጋ።

በወሩ ለስብሰባ ተጠራን። እያንዳንዳችን ሳጥናችንን ሞልተን ስናበቃ፣ አሁን ደግሞ የረድፉ ግቢዎች በአንድ መሠረት ላይ ስለሚያርፉ የግል ምርጫ እንደማይሠራ ተነገረን። የሚሠራው የብዙኃኑ ድምፅ ነው። ብዙኃኑ ተደራጅቶ መሥራትን ከመረጠ፣ መዋጮውን የማይችል በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ያልፋል። «ያልፋል» ነው ያሉት፤ እንደ ክፍል ፈተና። ከቤት ወደ ቤት ዞሬ የሞላሁት ወረቀት ሁሉ ለዚያ ቃል መንደርደሪያ ነበር።

ነጋዴው ተነሥቶ ረጅም ንግግር አደረገ። ከተማችን እያደገች ነው፣ ፋብሪካው ሁሉ ወደኛ እየመጣ ነው፣ እኛ ግን እንደ ገጠር እንኖራለን አለ። አሸዋና ሲሚንቶ ሲነሣ ድምፁ ይለሰልስ ነበር። ልጇ ቤይሩት የምትሠራላት አንዲት እናት ደገፈችው፤ ልጄ ትልካለች አለች። ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ጎረቤታችንና ሌሎች ሁለት አባወራዎችም ደገፉ። በሌላ በኩል እትዬ፣ ባለ ጋሪው፣ ክፍል እያከራዩ የሚኖሩ ሁለት ባልቴቶችና አንድ ጡረተኛ ዘበኛ ነበሩ። ባለ ጋሪው ፈረሴን ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው የማስረው ብሎ ጠየቀ። ሰው ሳቀ። እሱ ግን አልቀለደም፤ መልስ ሲጠብቅ ቆይቶ ተቀመጠ።

ድምፅ ሲቆጠር አምስት ለአምስት ሆነ። እኔ ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ስለነበር እጄን አላወጣሁም ነበር። ሰብሳቢው «መምህርስ?» አለኝ።

ብዙ ሰበብ ነበረኝ። የባለቤቴ ጤና ጣቢያ ቅርብ ነው። በደመወዛችን ባንክ ያበድረናል። ልጆቼ ትምህርት ቤት በእግራቸው ይሄዳሉ። ለራሴ የነገርኩት ግን ይህን አልነበረም። ለራሴ የነገርኩት፣ የተማርኩ ሰው እንደመሆኔ ከግል ጥቅም በላይ የከተማውን ዕድገት ማየት አለብኝ የሚል ነው። እጄን ከነጋዴው ጋር አወጣሁ። ከዚያም ወንበሬ ላይ ተመልሼ ስድስት ለአምስት ብዬ ጻፍኩ፤ ቁጥሮቹን እንኳ አሳምሬ።

እትዬ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ተከራዩ ገበሬ ቤቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ልብሱ ላይ የድንጋይ ብናኝ ነበር። ግባ አልኩት፤ አልገባም። የሚነሡት አምስት ቤቶች ምትክ ቦታ ሲሰጣቸው ጎን ለጎን ሊሆኑ ይችሉ እንደሆነ ጠየቀኝ። በዕጣ ስለሆነ አይሆንም አልኩት። ከዕጣው በኋላ ሰው ከሰው ጋር መለዋወጥ ይከለክል እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። አንተ ምን አገባህ የሚል ነገር ፊቴ ላይ አይቶ ሳይሆን አይቀርም፣ ቀስ ብሎ አስረዳኝ።

«እኛ ስንነሣ የአንድ ቀበሌ ሰው በየመኪናው ተበተንን» አለ። «ረሃቡን እንችለዋለን። እናቴ መጠለያው ውስጥ ስትሞት ግን ማን እንደሆነች የሚያውቅ ጎረቤት አልነበረም። የማያውቋት ሰዎች ቀበሯት፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ግን አያውቋትም። ቤት ከጭቃም ይሠራል። እነዚህን ሴቶች አትበትኗቸው።»

ያን ሰዓት በደብረ ብርሃን ስለ ሰው አሰፋፈር ከኔ በላይ የሚያውቀው ሰው ቅጹ ላይ ስሙ የሌለው ሰውዬ ነበር። እኔ ግን ሃያ ዓመት ያስተማርኩት እሱኑ ነው፤ አሰፋፈር። አምስቱ ጎን ለጎን ይሁኑ የሚል ማመልከቻ ጻፍኩላቸውና ለኢንጂነሩ ሰጠሁ። ኢንጂነሩ አንብቦ፣ ሐሳቡ ጥሩ ቢሆንም የማኅበራዊ ትስስር ጉዳይ የሚታየው በሁለተኛው ምዕራፍ ጥናት ነው አለ። ሰዎቹ የሚነሡት በመጀመሪያው ምዕራፍ ነበር።

ዕጣው ወጣ። አምስቱም ተበተኑ። ለእትዬ የደረሳት ወደፊት መንገድ ይወጣበታል በተባለው በኩል ያለ የማዕዘን ቦታ ነበር። ለሱቅ ይሆናል፣ ለአረቄም ይሆናል። ነጋዴው ሳይቀር እንኳን ደስ አለሽ አላት። እሷ ግን ባለ ጋሪውንና ተከራይዋን ይዛ፣ ዕጣ የደረሳቸውን ከሌላ ሰፈር የመጡ የማታውቃቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየዞረች ታነጋግር ጀመር። ሳምንት ፈጀባት። አንዱ ዕድር ቤቱ ድረስ ወስዶ አስማላት፤ ሌላው ሁለት ጊዜ ሐሳቡን ቀየረ። በመጨረሻ የማዕዘኑን ቦታ ሰጥታ፣ ውስጥ ለውስጥ ያለ፣ ለአንድም ገዢ የማይታይ ቦታ ወሰደች። አራቱም እንደ እሷ ተለዋወጡና አምስቱ ቤቶች ጎን ለጎን ሆኑ። ተከራይዋንም ከግቢዬ አንድ ክፍል ሠርተህ ግባ አለችው።

ኢንጂነሩ ይህን ሲሰማ እጅግ ተገረመ። ማዕዘን ቦታ የሚለውጥ ሰው አይቶ አያውቅም። የኢኮኖሚ ዕውቀት ማነስ ነው አለኝ። እንደዚያ ሲል መልስ መስጠት ነበረብኝ። የሰጠሁት መልስ ራሴን መነቅነቅ ነበር፤ በየትኛው በኩል እንደነቀነቅሁት እሱም አልገባው፣ እኔም ዛሬ ማስታወስ አልፈልግም።

ሁላችንም በአንድ ወር ወጣን። እነሱ በባለ ጋሪው ጋሪ እየተመላለሱ ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ ምሰሶውን ሳይቀር ወሰዱ። የትኛው እንጨት እንደሚጠቅምና የትኛው እንደሚጣል የሚነግራቸው ተከራዩ ነበር። የሰፈራችንን ዕድር ድንኳንና አግዳሚ ወንበርም ወሰዱ፤ ማን ይያዝ የሚል ስብሰባ አልተጠራም፤ እኛ ስድስታችን አስታውሰን የጠየቅንም የለንም። እኛ ሕንፃው እስኪያልቅ ብለን በየአቅጣጫው ቤት ተከራየን። እኔ ከከተማው በሌላ ጫፍ ሁለት ክፍል ያዝኩ። ለጊዜው ነው ብለን የመጻሕፍት ካርቶኖቻችንን እንኳ አልፈታንም።

ሕንፃው መሠረቱ ወጣ፤ አምድ ቆመ። ከዚያ የቤይሩቷ ልጅ አሠሪዎቿን ለቃ ወጣች ተባለና የእናትየዋ ድርሻ ቆመ። ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ጎረቤታችን ተቀይሮ ሄደ። ነጋዴው የራሱ ሱቅ የሚያርፍበትን ጥግ ብቻ አስጨርሶ፣ ቀሪው የማኅበሩ ጉዳይ ነው አለ። አምዶቹ ብረታቸው እንደወጣ ዝናብ ይመታቸዋል። በዚያ ሳልፍ «የናንተ ፎቅ» የሚለኝ ሰው አለ፤ ሰላምታ ሰጥቼ አልፋለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት በአንድ አዳራሽ ውይይት ተጠራሁ። ኢንጂነሩ ወፍራም ካፖርት ለብሶ መድረክ ላይ ነበር፤ ብርዱን ቢያንስ ተምሯል። የአምስቱን ጎን ለጎን ቤቶች ፎቶ ግድግዳው ላይ አሳየ። ነባር ማኅበራዊ ትስስርን የጠበቀ አሳታፊ አሠራር ነው አለ። ከኔ ጎን የተቀመጠ ሰው ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ፎቶው ላይ ግራ በኩል ተከራዩ ገበሬ መሰላል ይዞ ቆሟል፤ ኢንጂነሩ የምስሉን መጠቆሚያ ቀስት በእሱ ላይ እያሳለፈ ስለ ጣራው ዓይነት አብራራ። ጥያቄ ያለው ተባለ። እጄን ሳላወጣ ቀረሁ። እጅ ማውጣት የሚሆንልኝ ሌላ ጊዜ ነው።

የዚያኑ ዓመት አማቴ ታመው ቆዩና አረፉ። የባለቤቴ እናት ናቸው፤ ከድሮው ሰፈር ጀምረው ከኛ ጋር ይኖሩ ነበር። የተከራየንበት ሰፈር ዕድር ውስጥ አልገባንም ነበር፤ ለጊዜው ነው ብለን። አከራያችን ግቢው ጠባብ ነው እያሉ ይነጫነጩ ነበር። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ሰው የት እንደማስቀምጥ ሳስብ፣ ባለ ጋሪው ፈረሱን እየሳበ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። ጋሪው ላይ የዕድሩ ድንኳንና ወንበሮች ነበሩ። ከኋላው እትዬና ሁለቱ ባልቴቶች፣ ጡረተኛው ዘበኛና ተከራዩ በእግራቸው ይመጣሉ። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው ነው። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ማንንም ሳይጠይቁ ድንኳኑን ተከሉ፤ ሴቶቹ ወደ ባለቤቴ ገቡ።

አብረውኝ ፎቅ ከሚሠሩት ነጋዴው ስልክ ደወለ። ሌሎቹ መልእክት ላኩ።

በሠልስቱ ሰው ሲሳሳ እትዬ አጠገብ ሄጄ፣ ላመሰግናት ጀመርኩ። ብዙ ልናገር አስቤ ነበር፤ ስለ ስብሰባውም፣ ስለ እጄም።

«ለሳቸው ነው የመጣሁት» አለችኝ። «ስታመም ገንፎ ይዘውልኝ በጓሮ በር ይገቡ ነበር። አንተን አላልኩም።»

ተቆጥታ አልነበረም። የአየር ሁኔታ እንደምትናገር ተናግራ፣ ለቀስተኛ ወደምታስተናግድበት ተመለሰች። እኔም ባለሁበት ቆምኩ። የሠራሁትን ማንም ሳይወቅሰኝ ኖሬ፣ የመጀመሪያውን ወቀሳ እንዲህ በዝግታ ስሰማ ቀለል አለኝ ብል እዋሻለሁ። አልቀለለኝም።

ለቅሶው ሲያበቃ ወንበሮቹን ከባለ ጋሪው ጋር ጭኜ እስከ እነሱ ሰፈር ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ሄጄ አላውቅም ነበር። የአንኮበርን መንገድ ትቶ የሚገባ የጭቃ መንገድ ነው፤ ፈረሱ ሁለት ቦታ ቆመብን፤ ከኋላ ገፋን። ወደፊት የተባለው መንገድ አልወጣም። የእትዬ አረቄ እንደ ድሮው አይሸጥም፤ ረዳቶቹ እዚያ ድረስ አይመጡም። በየሁለት ቀኑ ጀሪካኑን በጋሪ አስፋልት ድረስ ትልካለች። ጠባብ ኑሮ ነው፤ ከበፊቱ የጠበበ። ያ በመድረክ ላይ የተጨበጨበለት ፎቶ ይህን አያሳይም። የሚያሳየው ነገርም ቢሆን የእነሱ ሥራ እንጂ የማንም አይደለም።

ወንበሮቹ የሚቀመጡት ተከራዩ በሠራት ክፍል ጎን ነው። አሁን ተከራይ ማለቱም አይሆንልኝም፤ የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ እሱ ነው። ወንበሮቹን እያየ ተቀበለኝ፤ አንዱ እግሩ ላልቶ ስለነበር ለብቻው አኖረው። ወደ ዕድሩ መመለስ እንደምፈልግ ነገርኩት። በስብሰባ የሚወሰን ነው፣ እሑድ ራስዎ መጥተው ይጠይቁ አለኝ። ቀጥሎም «መንገዱን አይተውታል፤ ቦት ጫማ አድርገው ይምጡ» አለ።

እሑድ ሄድኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ውጭ አስጠበቁኝ፤ ከውስጥ የባልቴቶቹ ድምፅ ከፍ ሲል ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ተጠርቼ ገባሁ፤ ተቀብለንሃል አሉ። በመዝገቡ ስሜ የገባው እንደ አዲስ አባል፣ ከሁሉም በታች ነው። የመዘገበኝ እሱ ነው፤ እጅ ጽሑፉ አያምርም፤ ፊደሎቹ ይጋጫሉ። ግን ሲጽፍ የአባቴን ስም በትክክል እንድነግረው ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።